የሶስና ግራ ዓይን

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። ለእናንተ የምነግራችሁ ፊታችሁን ስለማላየው ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ለንደን፣ ስቶክዌል ሰፈር አንድ አዳራሽ ውስጥ እንሰበሰብ ነበር፤ ስምንት ነበርን። የሠራነውን ይዘን እየመጣን ጠረጴዛ ላይ እንዘረጋለን፣ አንዳችን የሌላውን እናያለን፣ እናደንቃለን። ፎቶ የሚያነሳ ነበር፣ ሸክላ የሚሠራም ነበር። እኔ በአክሪሊክ ቀለም እሥላለሁ። ከሁላችን በዕድሜ የምታንሰው ሶስና ደግሞ ከአሮጌ ልብስ ቁርጥራጭ የብሪክስተን ገበያን ሥዕል ሰፍታ ስታመጣ ሰው ሁሉ የእኔን ትቶ ወደ እሷ ይሄዳል። እየሳቅሁ "ጎበዝ!" እላታለሁ። ዓይኔ ግን ደም ይለብስ ነበር።

አቶ ሀብቶም ታላቃችን ነበሩ። አስመራ በልጅነታቸው ከአንድ ሠዓሊ ቄስ የተማሩትን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በእንጨት ሰሌዳ ላይ ይሠራሉ፤ ቀለማቸውን በእንቁላል አስኳል ይበጠብጣሉ። ጻድቅ ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን፣ ክፉ ሰው በጎኑ ዞሮ በአንድ ዓይን እንደሚሣል ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ለኤግዚቢሽናችን ስምንታችንንም በአንድ ሰሌዳ ሣሉን፤ ሁላችንንም ፊት ለፊት።

"እዚህ ቤት በጎኑ የሚሣል ሰው የለም" አሉ።

ከኤግዚቢሽኑ በፊት በነበረው ቅዳሜ ሁሉም ለሻይ ኪችን ገቡ። እኔ ከሰሌዳው ጋር ቀረሁ። የሶስናን ግራ ዓይን ሸፈንኩት። ግማሽ ፊቷን ከኋላዋ ባለው ዓይነት ቢጫ ቀለም አጠፋሁ፣ አፍንጫዋን ወደ ጎን ሳብኩት። እኔ ነኝ ያደረግሁት። ማን ገፋፋኝ? ማንም። ውሃው እስኪፈላ ጨርሼ ነበር። ደግሞም እናቷ ታማ ስትጠራት ሳትሄድ መቅረቷን ለአቶ ሀብቶም ብቻ ስትነግራቸው ቀደም ብዬ በር ላይ ሆኜ ሰምቼ ነበር። የት እንደሚያማት እያወቅሁ ነው የነካኋት።

በኤግዚቢሽኑ ቀን ሶስና አየችው። ፊቷ አመድ መሰለ።

"አባባ፣ የነገርኩዎትን ይዘው ጀጅ አደረጉኝ፣ ኮነኑኝ ማለት ነው?"

አቶ ሀብቶም ተጠግተው ሥዕሉን አዩ፤ ከዚያ እጃቸውን አዩ። "አላስታውስም፣ ልጄ። እጄ ይሆን እንዴ?"

ወጥታ ሄደች፤ አልተመለሰችም። እሳቸውም "ሰው የሚኮንን እጅ ሥዕል አይነካም" ብለው ሰሌዳውንም ብሩሾቻቸውንም ለእኔ ሰጡኝ። ለእኔ! ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር አላሰመሩም። ለምን አልተናገርኩም? አፍሬ ነው ብል ውሸት ነው። ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰሌዳውን ሳሎኔ ሰቀልኩት። ዘንድሮ ብርዱ ሲገባ ቢጫው ላይ አንዲት ግራጫ ነጥብ ታየችኝ። በጨርቅ ብጠርጋት አልሄደችም። በሳምንቱ ቅንድብ ሆነች፣ በወሩ ዓይን። የቀባሁት ስስ ስለነበር የሥሩ እየወጣ ነው፤ ሙያዬ ነው፣ አውቀዋለሁ። ነገር ግን አቶ ሀብቶም ያንን ዓይን ፊት ለፊት ሲያይ ነበር የሣሉት። አሁን የሚያየው ወደ ጎን ነው፣ በሥዕሉ ውስጥ እኔ ወደቆምኩበት። ፈራሁ። ሁለት ጊዜ ደርቤ ቀባሁት። ሁለቱንም ጊዜ ተመልሶ ወጣ።

ባለፈው እሁድ አቶ ሀብቶምን ልጠይቅ ሃርልስደን ሄድኩ። የዓይናቸው ብርሃን ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ስለ ሰሌዳው ለእሳቸውም ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ብርቱካን እየላጥኩላቸው ሳለ እጄን ያዙኝ።

"ልጄ፣ ዓይኗ ወጣ?" አሉኝ።

እሳቸው ፊታቸውን ሙሉ ወደ እኔ አዙረው ጠበቁኝ። እኔ ነኝ እንድል ብቻ ነበር የሚጠብቁት። እጃቸው ንጹሕ መሆኑን ሳይሰሙ እንዳይሞቱ ማድረግ የምችል እኔ ብቻ ነበርኩ።

"የምን ዓይን?" አልኳቸው።

እጄን ቀስ ብለው ለቀቁኝ። ብርቱካኑንም አልበሉም።

ይቅር በሉኝ አልልም። የያኔውን ቅናት ነው ብላችሁ ታልፉልኝ ይሆናል፤ የእሁዱን ግን በምን አሳብባለሁ? ማታ ቤቴ ገባሁ። ሰሌዳውን ላለማየት ፊቴን አዙሬ፣ ግድግዳውን ታክኬ፣ በጎኔ አለፍኩ።