የገና በረኛው የብረት ፊትና የጉልበት ትራስ

በ2015 ዓ.ም. የነቢያት ጾም ሊያልቅ ሲል፣ አንድ እሑድ ጠዋት አምቦ ላይ ከቅዳሴ የወጣው ሕዝብ በሩ ላይ ሲጋፋ፣ አንድ ጠና ያለ ሰው ከግንቡ ጥግ ቁጢጥ ብሎ ነበር። ፊት ለፊቱ የስግደት ብዛት ጉልበታቸውን የላጠው አዴ ሲንቄ የሚባሉ አሮጊት ጠጠሩ ላይ ተቀምጠዋል። ሰውየው ከማዳበሪያ ከረጢቱ ሁለት ወፋፍራም የቆዳ ትራሶች አውጥቶ ጉልበታቸው ላይ አሰረላቸው።

«በሉ አሁን ይስገዱ» አላቸው፤ «ከእንግዲህ የሚያመው ጠጠሩን ነው።»

«ዋቃዮ ሲ ሃ ኤቢሱ» ብለው መረቁት። እሱም የጎደለ ከረጢቱን አንጠልጥሎ፣ ማንም ያላየው መስሎት ሄደ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን ጫማውን ሊያጠልቅ ካጎነበሰበት ሁሉንም አይቶ፣ እንዲህ ያለ ጠዋት ስላሳየው ፈጣሪውን አመሰገነ።

ሰውየው ገለታ ይባላል። ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ዳር ጎማ የሚለጥፍ ጎሚስታ ነው። ዓመቱን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ይሠራል፤ በገና ዕለት ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የታች ሰፈር በረኛ ነውና። ከወይራ ጉጥ ተጠርባ በቆልማማ ዱላ የምትለጋው ሩር ሁለቱን አጣናዎች አልፋ እንዳትገባ የሚከላከለው እሱ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የላይ ሰፈሩ ጋሮማ የለጋት ሩር የገለታን ሁለት የፊት ጥርሶች ይዛ ሄደች። ባለቤቱ ሽታዬ ደሙን እያጠበች ፈረደች።

«ከግንባርህ እስከ ቁርጭምጭሚትህ ተሸፍነህ ካላየሁህ፣ ሁለተኛ ሜዳ አትወጣም!»

ሽታዬ የተናገረችው ማኅተም የተመታበት ነው። ስለዚህ ገለታ ጎረቤቱን በያጁን ዋቆን ለመነ። ዋቆ ፊቱን በሲባጎ ለክቶ ከፌሮ ቁርጥራጭ ጭምብል በየደለት። ገለታ ውስጡን በስፖንጅ አልብሶ ማሰሪያውን ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ቆረጠ፤ ለቅልጥሙም ጀሪካን ለሁለት ሰነጠቀ። አንድ ስሕተት ብቻ ተሠራ። ዋቆ በብረቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሲለካ ሩሯ እጁ ላይ ስላልነበረች፣ ምሳው ላይ የነበረውን ቀይ ሽንኩርት ተጠቀመ።

በቀጣዩ ዓመት የገና ዕለት ገለታ ጭምብሉን አጥልቆ ብቅ ሲል ሜዳው በሳቅ ፈረሰ።

«ኦቦ ገለታ፣ ማር ልትቆርጥ ነው እንዴ?»

«ኧረ ዶሮዎቹን የት አስወጥተህ ነው ቤታቸውን የለበስከው?»

የላይ ሰፈር ልጆችም ተቀበሉ፦

«ፊቱን በብረት ሚስቱ አጠረችው፣
በሩንስ ለማን አደራ ሰጠችው?»

በገና ጨዋታ ጌታም አይቆጣ፣ ጎሚስታስ ምን ቤት ነው! ገለታም አብሮ ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ጋሮማ ሩሯን ለጋት። መጣች፣ መጣችና ሁለቱ ብረቶች መካከል ገብታ ተሰነቀረች፤ አፍንጫው ሊነካት ትንሽ ቀረው። ገለታ ቢጎትት፣ ቢነቀንቅ አልወጣችም። ያኔ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ ዱላውን ጥሎ ሩሯን ፊቱ ላይ እንደ ተሸከመ ወደ ላይ ሰፈር በር ሮጠ። ጋሮማና ጓደኞቹ ሰው ይምቱ ሩር ይምቱ ግራ ገብቷቸው ዱላቸውን እንዳነሡ ቀሩ። ገለታ በሩን አልፎ ገባ።

ጠብ ሊነሣ ሲል ሽማግሌው ኦቦ ሆርዶፋ በከዘራቸው ዝም አሰኙ።

«ሩር በእጅ አይያዝ ብለዋል አባቶቻችን። በፊት አይያዝ ያለ አለ?»

የለም። ግቡ ጸደቀ። ዋቆ ግን በማግስቱ በየክፍተቱ አንድ አንድ ብረት ጨመረበት።

የጉልበቱን ትራስ የሠራችው ሽታዬ ራሷ ናት። ስትዳር ይዛው የመጣችውን የቆዳ ቦርሳ ቀድዳ፣ የአሮጌ አውቶቡስ ወንበር ስፖንጅ ጠቅጥቃ ሰፋችው። ከዚያ ወዲህ በየገና ዋዜማ ባሏን ሙሉ ትጥቁን አስለብሳ ታቆመዋለች፤ በዘነዘናም ከጭምብሉ እስከ ቅልጥሙ ታንኳኳዋለች። «አመመህ?» «አላመመኝም።» «እንግዲያው ሂድ።»

ዘንድሮ ግን ከዚያ እሑድ በኋላ ከረጢቱን ብትፈትሽ ትራሶቹ የሉም።

«የት ናቸው?»

«አሉ።»

«የት?»

«ደህና ቦታ።»

«ደህና ቦታ ማለት ጠጅ ቤት ነው?»

«በጾም?»

«እንግዲያው ለዚያ ለጋሮማ አውሰኸዋል!»

«ለጋሮማማ ሰላምታም አላውሰው!»

ሽታዬ አልሳቀችም። «ያንን ቦርሳ ላንተ ጉልበት ስል ነው የቀደድኩት» አለችና ጀርባዋን ሰጠችው። ከዚያ ወዲህ ራቱን ታቀርብለታለች፣ ቀና ብላ ግን አታየውም። ገለታን ከገናው ይልቅ ይህ በላው።

ሐሙስ ዕለት የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የብስክሌቱን ጎማ ሊያስለጥፍ ቢሄድ፣ ገለታ ከመነዳሪውን ውኃ ውስጥ እየነከረ ቀና ሳይል ጀመረ።

«ወንድሜ፣ እሑድ ጫማህን ስታጠልቅ ነበርክ አይደል?»

ለካ እሱም አይቶ ኖሯል።

«ነበርኩ።»

«ያየኸው ነገር አለ?»

«አለ።»

«እኔ አፌን ከፍቼ ከተናገርኩ ዋጋዬን እዚሁ በላሁት ማለት ነው። ቀኝህ የሰጠችውን ግራህ አትወቅ ተብሏል።»

«ሽታዬ ግራ እጅህ ናት?»

«እሷማ ሁለቱም እጄ ናት! መከራዬም እሱ ነው።» ከውኃው ውስጥ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ሲል ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ ያዘና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ፤ የጎደሉት ጥርሶቹ ታዩ። «አንተ ግን ምስክር ነህ፤ ምስክር አይመጻደቅም። ከቦርሳው የተረፈ ቆዳ ሳጥኗ ውስጥ አለ፤ እውነቱን ከሰማች አዲስ ትሰፋልኛለች። ባትሰፋም ግድ የለም፣ ቀና ብላ ትየኝ። እኔ ልኬህ እንደሆነ ከጠየቀችህ አትዋሽ፣ ጾም ነው። ብቻ እባክህ ዛሬውኑ ቤት ሂድና ንገርልኝ። ነገ ዋዜማ ነው፤ ዘነዘናው ይመጣል።»