የእናቴ ወረንጦ

እናቴ አንገቷ ላይ ሁለት ነገር ነበራት፤ ማተብና ወረንጦ። ወረንጦው ከቅዳሜ ገበያ የተገዛ ተራ ብረት ነው፤ ጫፉ ከአገልግሎት ብዛት ሳስቷል። እንግዳ ሰው ሲያየው የእሾህ መንቀያ ይመስለዋል። የእናቴ እሾህ ግን የሚበቅለው ዓይኗ ውስጥ ነበር። ሽፋሽፍቷ ወደ ውጭ ማደጉን ትቶ ወደ ውስጥ ይታጠፍና፣ ዓይኗን በከደነችና በገለጠች ቁጥር ብሌኗን ይፍቀዋል። ግራ ዓይኗ እኔ ነፍስ ሳላውቅ በዚሁ ጠፍቷል። የማወራው ስለ ቀኙ ነው።

በላስታ ደጋ ይህን የማያውቅ ቤት ብዙ የለም። እኛ «የዓይን ፀጉር» እንለዋለን፤ ሐኪሞች ትራኮማ የሚሉት የማዝ በሽታ መጨረሻው ነው። መጀመሪያው ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው የልጆች ዓይን መቅላትና አር ማብዛት ነው። ዝንብ ከአንዱ ልጅ ዓይን ተነስቶ በሌላው ያርፋል። እናት በነጠላዋ ጫፍ የትልቁን ፊት ትጠርጋለች፣ በዚያው ጫፍ የትንሹን ትደግማለች። ልጆቹ ያድጋሉ፣ ነገሩም ይረሳል። ማዙ ግን አይረሳም፤ የዓይንን ቆብ ከውስጥ እያጨማደደ ይቆይና፣ ሰውየው ጎልምሶ ልጆች ካፈራ በኋላ ፀጉሩን ወደ ውስጥ ይመልስበታል። ይህን ሁሉ የተማርኩት አርፍጄ ነው። ልጅ ሳለሁ የማውቀው የእናቴ ነጠላ ጫፍ እርጥብና ለስላሳ እንደነበረ ብቻ ነው።

ፊት ብትታጠቡ ኖሮ ይሉናል። እውነት ነው፣ ብንታጠብ ኖሮ። ቤታችን ከአሸተን ማርያም ገደል በታች ነበር፤ ምንጩ ደግሞ ከቤታችን በታች፣ ባዶ ጀሪካን ይዘው ቁልቁል ወርደው ሙሉውን አዝለው ሽቅብ የሚወጡት። አንድ ጀሪካን ውሃ መጀመሪያ ለሰው ጉሮሮ ነው፣ ከዚያ ለሊጥ፣ ከዚያ ለታመመ ጥጃ። የፊት ወረፋ ሳይደርስ ያልቃል። እናቴን «የልጆችሽን ፊት እጠቢ» ብሎ ከመከራት ሰው ሁሉ ያንን ጀሪካን አዝሎ የሚያውቅ አንድም አልነበረም። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ከወንድሞቼና ከእህቶቼ መሐል ለዓይኗ የመረጠችው እኔን ነው። «የአንች እጅ አይንቀጠቀጥም» አለችኝ፤ በቃ፣ ሹመቱ ጸደቀ። ረፋድ ላይ ፀሐይ በደጃፉ ስትገባ ራሷን ጭኔ ላይ ታሳርፋለች፤ እኔ ቆቡን በአውራ ጣቴ ገልበጥ አድርጌ አንድ በአንድ እለቅማለሁ። ስጨርስ ዓይኗን ደጋግማ ታርገበግብና ቀና ብላ ወደ ገደሉ አናት ታያለች። እዚያ ጫፍ ላይ አንዲት ብቸኛ ጥድ አለች። «ቅርንጫፏ ታየኝ» ካለች ሥራዬ ያማረ ነው። «ግንዷ ብቻ» ካለች የቀረ ፀጉር አለ ማለት ነውና እንደገና አጎነብሳለሁ።

አግብቼ ወደ ከተማ ከወረድኩ በኋላም ሹመቱ አልተነሳልኝም። እኔ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጥብ ነበር። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ምስሯን ወይ እንቁላሏን ይዛ ገበያ ትወርዳለች፤ ከገበያ መልስ እኔ ደጃፍ ትቀመጣለች፤ እለቅምላታለሁ። ጥዷ ከእኔም ደጃፍ ትታያለች፣ ራቅ ብላ።

ከሆቴሉ እንግዶቹ ጀምረው የተዉአቸውን ትንንሽ ሳሙናዎች እያጠራቀምኩ እሰጣት ነበር፤ «ላንቺም፣ አብረውሽ ለሚኖሩት ለወንድሜ ልጆችም ፊት» እያልኩ። አንድ ቀን ሳጥኗን ብከፍት ሳሙናዎቹ በቀሚሶቿ መሐል ተደርድረው አገኘኋቸው። ልብሷን እንዲያሸቱላት ነው። «ይኸን የመሰለ ሽታ በዓይን አር ላይ ላባክነው?» አለችኝ። ሳቅኩ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ።

ክኒንም ይታደል ነበር። የጤና ኤክስቴንሽኗ ምልክት የተቀባ ረጅም ዘንግ ይዛ ሕዝቡን ታሰልፍና ለእያንዳንዱ በቁመቱ ልክ ትሰጣለች። ሰው በቁመቱ ሲታከም ያየሁት ያኔ ነው። እናቴ ዘንጉ አጠገብ በቆመች ቁጥር ትንጠራራለች፤ አንዲት ክኒን እንዳትቀርባት። ክኒኑ ማዙን ይገድላል፤ የታጠፈን ፀጉር ግን አያቀናም። ለታጠፈው መድኃኒቱ ቆቡን ቀዶ ወደ ቦታው መመለስ ነው፤ እናቴ ደግሞ ምላጭ ትፈራለች። ወረንጦና እኔ እያለን ምን አስጨነቃት።

ከጦርነቱ በፊት በነበረው በጋ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ «የዓይን ፀጉር የሚያስቸግራችሁ ሁሉ ወደ ጤና ጣቢያ ውረዱ፤ ሐኪሞች ለዘመቻ መጥተዋል» ብለው ተናገሩ። በዚያ ሰሞን እናቴ ከጥዷ ቅርንጫፍ ይልቅ ግንዷን የምታይበት ቀን በዝቶ ነበር። ያላት ዓይን ያው አንዱ ነው። እሱ ከጠፋ ምስር የሚለቅም፣ ገበያ የሚወርድ፣ ቤተ ክርስቲያን ብቻውን የሚሳለም ሰው መሆኗ አብሮ ይጠፋል። «እማ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው» አልኳት። ብዙ አስባ እሺ አለች።

ዋዜማውን እኔ ቤት አደረች። ለሐኪም ሳይሆን ለሰርግ የምትሄድ ይመስል ተሰናዳች፤ እግሯን ታጠበች፣ ፀጉሯን ተሠራች፣ የታጠበ ነጠላ አወጣች። በመጨረሻ ወረንጦውን ከአንገቷ ፈታ ሰጠችኝ።

«ንጹሕ አርጊኝ» አለች። «እንዲህ ተንጨባርሬ ሰው ፊት አልቀርብም።»

ትክክል መሰለኝ። እንግዳ ሲመጣ ደጁን የማይጠርግ ማን አለ? እንደዚያን ቀን ተጠንቅቄ ለቅሜ አላውቅም። አንዲት አላስቀረሁም።

በማግስቱ የጤና ጣቢያው ግቢ እንደ እናቴ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ በጣሉ ሰዎች ሞልቶ ነበር። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ግንባሩ ላይ ማጉያ መነጽር አስሯል። ትሕትና አልጎደለውም። «እማማ፣ ወደ ላይ ይመልከቱ፤ አሁን ወደ ታች» እያለ ቆቧን ገለበጠ፣ በባትሪ አየ፣ ደግሞ አየ።

«ፀጉር የለብዎትም እኮ» አለ።

«ልጄ ለቅማልኝ ነው» አለች እናቴ፣ ኮራ ብላ።

ወጣቱ በረጅሙ ተነፈሰ። ከኋላችን የተሰለፈውን ሕዝብ አየ። «ሳላየው የቱን እንደማቀና አላውቅም፤ የባሰባቸውን ላስቀድም» አለ። «ከእንግዲህ አያስነቅሉት። አድጎ በሚቀጥለው ዙር ይመጣሉ፤ ይነገራችኋል።»

እናቴ መርቃው ወጣች። እኔ ተናድጄ ተከተልኳት። የተናደድኩት በማን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ በእሱ፣ በእሷ፣ በእኔ፣ በዚያ ባማረ ሥራዬ።

ከተከታዩ ቅዳሜ ጀምሮ ወረንጦውን አልሰጠችኝም። ፀጉሩ መብቀል ጀመረ። ተነቅሎ የሚበቅል ፀጉር ከመጀመሪያው ይከፋል፤ አጭርና ደረቅ ስለሆነ፣ እህል ከታጨደ በኋላ ማሳው ላይ እንደሚቀረው አገዳ ይወጋል። እናቴ ገበያ ተቀምጣ ዓይኗን በመሐረብ ትይዛለች፤ ፀሐይ ስትበረታ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እንባዋ ጉንጯን አቆሰለው።

«እማ፣ ጥቂቱን ብቻ ላንሳልሽ» እላታለሁ።

«መጥተው ቢያጡኝስ?» ትለኛለች። «ዳግመኛ ለቅመሽ ልታስመልሽኝ ነው?»

መሐረቧን አጥቤ እመልስላታለሁ።

ዙሩ ሳይመጣ ጦርነቱ መጣ። ሆቴሉ ተዘጋ፣ አንሶላ የሚያሳጥብ እንግዳ ጠፋ፣ መብራትና ስልክ ተቋረጠ። ከጤና ጣቢያው የተረፈው ግድግዳው ነው፤ ሆስፒታሉም ባዶውን ቀረ። ወልድያ ወስጄ እንዳላሳክማት መንገዱ ዝግ ነው። ለዘመቻ የሚመጣ ሐኪም ቀርቶ ጨው የሚያመጣ መኪና አልነበረም። ገበያው ቢቀዘቅዝም እናቴ ሁለት ጣሳ ምስር በአንድ እፍኝ ጨው ለመለወጥም ቢሆን ትወርድ ነበር፤ በወረደች ቁጥር እለምናታለሁ፤ ማንም አይመጣም፣ ልንቀልልሽ እላለሁ።

«ጦርነት ያልቃል» አለችኝ አንድ ቀን። «ሲያልቅ መጀመሪያ የሚመጡት ሐኪሞች ናቸው።»

ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። አንድ ጊዜ ታዝዛለችና ትእዛዙን ጠበቀች። ያ ወጣት ግን አንድ ሰልፍ ለማሳጠር የተናገራት ቃል እንዲህ ተጠብቃ እንደኖረች ዛሬም የሚያውቅ አይመስለኝም።

አንድ ቅዳሜ ደጃፌ ላይ ተቀምጣ እንደ ልማዷ ቀና አለች። «ዛሬ ጭጋግ ወርዷል» አለች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ጥዷ ከነቅርንጫፏ ትታያለች። «አዎ፣ ወርዷል» አልኳት። ከዚያ በኋላ ጭጋጉ አልተነሳም። ዓይኗን ጠጋ ብዬ ሳየው ብሌኑ ላይ እንደ እርጎ ያለ ነጭ ተጋድሞበታል። ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ።

ጦርነቱ አበቃ ተባለ፤ ሌላ ተኩስ ተተካ። መንገዱ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። በዚህ መሐል አንድ ቀን ሐኪሞቹ መጡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። እናቴን እጇን ይዤ ወሰድኳት። ፀጉሩ በደንብ አድጓል፤ ልክ እንደታዘዘችው።

የዚህኛው ዙር ሐኪም ሴት ናት። ረጋ ብላ መረመረቻት። «ቆቡን አቀናዋለሁ፣ መውጋቱን ይተዋል» አለችኝ። «ብርሃኑን ግን አልመልሰውም። ብሌኑ ጠባሳ ሆኗል።»

ንዴቴ ያኔ ወጣ። የመጀመሪያውን ዙር ነገርኳት፤ መልቀሜን፣ መመለሳችንን፣ ስንጠብቅ መክረማችንን።

«መነቀሉ ራሱ እኮ ምልክት ነው» አለች ስጨርስ። «የተነቀለበት ቦታ ይታወቃል። ሊሠራላቸው ይችል ነበር።» ከዚያ ባልተናገርኩ ያለች ይመስል አንገቷን ደፍታ ጓንቷን ማጥለቅ ጀመረች።

እናቴ አጠገባችን ተቀምጣ ሰምታለች። ቀዶው ካለቀ በኋላ ዓይኗ በፋሻ ታስሮ ስንወጣ ብቻ «አሁን አይወጋኝም፤ የባሰ አታምጣ ነው» አለች። የባሰው የቱ እንደሆነ እኔ እስከ ዛሬ ግራ እንደገባኝ ነው።

አሁን ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ወረንጦው ከማተቧ ጋር አልተለየም፤ ለምን እንደምትይዘው ጠይቄያት አላውቅም። ቀኑን ሙሉ ደጃፍ ላይ ትቀመጣለች። ትንሿ ልጄ ዓይኗ እየቀላ እንባ ያበዛል፤ ትነጫነጫለች። እናቴ ድምጿን ስትሰማ «ነይ የኔ እናት» ትልና በነጠላዋ ጫፍ፣ የራሷን ዓይን በምትጠርግበት ጫፍ፣ ፊቷን ትጠርግላታለች። እኔንም የጠረገችኝ እንዲሁ ነው፤ ፍቅሯና ማዙ የደረሱኝ በአንድ ጨርቅ ነው። ነጠላውን ከእጇ ስነጥቃት ፊቷ ይጠቁራል፤ ጨካኝ እንደሆንኩባት አውቃለሁ። ቧንቧው ውሃ ባመጣ ቀን የልጄን ፊት በሳሙና አጥባለሁ። ባላመጣ ቀን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እናቴ ስትጠርጋት እንዳላየ አልፋለሁ።

ባለፈው ክረምት ቀኝ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የገባ መሰለኝ። ታጠብኩት፤ አልወጣም። መስታወት ፊት ቆሜ ቆቤን ገለበጥኩ። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ቆብ ስትገለብጥ የኖረች እጅ አትሳሳትም። ጥቂት ናቸው፣ ግን ታጥፈዋል። ለማንም ሳልናገር ጤና ጣቢያ ሄጄ ጠየቅኩ። ቀዶውን የሚሠራው ባለሙያ ተዛውሯል፣ ዕቃውም አልተተካም። «ዙር ሲመጣ ይነገራችኋል» አሉኝ። ያችኑ ቃል።

ከዚያ ወዲህ ቀኔ የሚጀምረው በመርገብገብ ነው። አንድ ረፋድ የእናቴን ፀጉር ስሠራላት እንባዬ እጇ ላይ ተንጠባጠበ።

«ታለቅሻለሽ?» አለች።

«አላለቅስም እማ። ዓይኔ ነው።»

እጇን ወደ ፊቴ ሰደደችና ቆቤን አገኘችው፤ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ቀስ ብላ ዳበሰችው። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ወረንጦውን ከማተቧ ፈታች።

«ነይ፣ ጭኔ ላይ ጋደም በይ» አለች። «ባላየውም ዳብሼ እለቅመዋለሁ። የኔም እጅ አይንቀጠቀጥም።»

ጋደም አልኩላት። መነቀል ራሱ ምልክት ነው ብላለች ያቺ ሴት፣ አምናታለሁም። ግን የሚመጣው እሷ ትሁን ያ ወጣት በምን አውቃለሁ? የእናቴ ጣቶች ቆቤ ላይ ደርሰው ነበር። ወረንጦውን ከእጇ ወሰድኩና መልሼ አንገቷ ላይ አሰርኩላት።

«ተይው እማ» አልኳት። «መጥተው ቢያጡኝስ?»