የኔታ በባዶ ሆድ

ባሌን መሪጌታ ዓምደ ሚካኤልን ተማሪዎቹ በባጃጅ ጭነው ሲያመጡልኝ መጀመሪያ የተናደድኩት በፀሐዩ ነው። «የኔታ ዋኝተው ሲወጡ አዞራቸውና ወደቁ። ፀሐይ መትቷቸው ነው» አሉኝ። ከንፈሩ አመድ መስሏል፤ ላቡ ሰውነቱን አጥቦታል። ስኳር ስላለበት ምን እንደማደርግ አውቃለሁ፤ ማር በውሃ በጥብጬ በግድ አጠጣሁት። ጥቂት ቆይቶ ዓይኑን ገለጠ። ገና ድምፁ ሳይጠራ «ሂዱ፣ ቀለማችሁን ቀጽሉ» ብሎ ልጆቹን ወደ ትምህርታቸው አባረራቸው። ትልቁ ተማሪ ገድሉ ሆዱን በእጁ ደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ ወጣ። እሱን ደግሞ ድንጋጤው ነው ብዬ ተውኩት።

ልጆቹ ሲሄዱ ነገሩ ከነከነኝ። ፀሐይ የመታው ሰው በማር አይነሳም።

ዓምደ ሚካኤል የዘጌ ልጅ ነው። «ከፊደል በፊት ዋና ነው የተማረው» እያሉ እናቱ ይስቁበት ነበር። ባሕር ዳር መጥቶ የዜማ መምህር ከሆነ ወዲህ ግን ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ሆነ ሥራው፤ ስኳሩም መጣ። ሐኪሟ እንቅስቃሴ ስታዝለት «እኔ እንደ ፔዳ ካምፓስ ልጆች ቱታ ለብሸ አስፋልት ላይ ልሩጥ?» ብሎ ተቆጣ። ከዚያ ወደ ልጅነቱ ዋና ተመለሰ። እውነቱን ለመናገር ሲዋኝ ደስ ይላል፤ ያ ጉባኤ ቤት ውስጥ የሚያቃስት ሰውዬ ውሃ ሲነካው ሌላ ሰው ይሆናል።

ሐኪሟ ሁለታችንም እየሰማን ነግራዋለች። «መድኃኒቱን ውጠው፣ ሳይበሉ ከዋኙ ስኳሩ በጣም ይወርዳል። ያዞርዎታል። ውሃው ውስጥ እያሉ ካዞረዎት ግን…» አለችና ወደ እኔ ዞረች። የቀረው ገባኝ። ስለዚህ አምና ሁዳዴ ሲገባ ለንስሐ አባታችን ለአባ ፍሬ ስብሐት ሕመሙን ነግሮ ከጾሙ እንዲፈቱት እንዲጠይቃቸው ለመንኩት። ሄዶ ተመለሰና «አልፈቀዱልኝም» አለኝ።

ዓመት ሙሉ አባን ተቀየምኩ። መስቀላቸውን ስሳለም እንኳ ፊቴን አጨማድጄ ነበር። ዘንድሮ በሁዳዴ የወደቀ ቀን ነጠላዬን አንጠልጥዬ በቀጥታ ቤታቸው ሄድኩ።

«አባ፣ ባሌን ሊገድሉት ነው ወይ?» አልኳቸው፤ ሰላምታም አልሰጠሁ።

«ምን አደረግሁ ልጀ?»

«ሳይበላ ዋለ፤ ዋኝቶ ሲወጣ ተዘረረ። እርስዎ ከለከሉት እኮ!»

ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «አንች ልጅ፣ እኔ ከአምና ጀምሮ ፈትቸዋለሁ። ጠዋት ቀምሶ መድኃኒቱን እንዲውጥ አዝዠዋለሁ። እየበላሁ ነው ብሎኛል።»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። አባን ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ። ለካ እኔን በአባ እያሳበበ፣ አባን እየበላሁ ነው እያለ ሁለታችንንም ዋሽቶናል!

ቤት ገብቼ አፈጠጥኩበት። አልካደም።

«ተማሪ የሚያየኝ ሰው ነኝ» አለ። «የኔታ በሁዳዴ ቁርስ በላ ሲባል ምን ፊት አለኝ?»

«የኔታ ሰጠመ ሲባልስ?»

 ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ግድግዳው ዞረ።

በማግስቱ ክኒኑን ዋጠ። የሽሮ ፍትፍት ሳቀርብለት «እሰሩልኝ፣ ጉባኤ ቤት እበላዋለሁ» አለ፤ ሲያጠፋ አንቱ ይለኛል። በምሳ ዕቃ አድርጌ አሰርኩለት። ልቤ ግን ስላላመነው ስድስት ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ውሃው ዳር የበቀለው ደንገል አጠገብ ልብሱ ተጣጥፎ ተቀምጧል። አጠገቡ ምሳ ዕቃው እንዳሰርኩት አለ። እሱ ውሃው ውስጥ ነው፤ ውሃው ገና ደረቱ ጋ ደርሷል። ተማሪዎቹ ዳር ላይ ልብስ ያጥባሉ።

«የኔታ፣ ይውጡ!» አልኩት። ሰው ፊት ክብሩን ነክቼበት አላውቅም።

«ስወጣ እበላለሁ» አለና እጁን አወናጭፎ ወደ ጥልቁ ቀዘፈ።

ደሜ ፈላ። ምሳ ዕቃውን ፈትቼ ይዤ ከነቀሚሴ ገባሁ። መዋኘት አልችልም። ውሃው ቀሚሴን ነፋውና ወገቤ ደረሰ።

«ሴትዮ፣ ተመለሽ! ከፊትሽ ውሃው ገደል ነው!» ብሎ ጮኸ።

«አውቃለሁ። አንተም ሳትበላ ስትገባ ታውቅ ነበር።»

እየቀዘፈ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። «ልጆቹ ያያሉ» አለ በሹክሹክታ።

«ይዩ! ትናንት ተዘርረህ ሲሸከሙህ አይተው የለ? ያን ጊዜ ያላፈርህ እህል ስትጎርስ ታፍራለህ?»

ከፍትፍቱ ጠቅልዬ አፉ ላይ ያዝኩለት።  ዓይኔን አየኝ። አፉን ከፈተ። አላምጦ ሲውጥ ዳር ላይ ያለው የልብስ እጥበት ቆሞ ነበር። ወደ ልጆቹ ዞረ።

«አባ ፈቅደውልኛል» አለ። «አምናም ፈቅደውልኝ ነበር። የደበቅሁት እኔ ነኝ።»

 ከዚያ ገድሉ የያዘውን እርጥብ ልብስ ድንጋይ ላይ አስቀመጠ።

«የኔታ፣ እኔም ጨጓራየ ቆስሎ አባ ፈትተውኝ ነበር። እርስዎ ከነስኳርዎ ሲጾሙ አይቸ አፈርሁ። ሕመሙ እንቅልፍ ከልክሎኛል።»

በረድ ማለት የጀመረው ቁጣዬ እንደገና ነደደ። ልጁ ትናንት ሆዱን ይዞ የወጣው ለካ ከዚሁ የተነሳ ነው!  ዓምደ ሚካኤል ምሳ ዕቃውን ከእጄ ወሰደና ውሃው እየተንጠባጠበ ወጣ፤ ገድሉን አጠገቡ አስቀምጦ በገዛ እጁ አጎረሰው።

እኔም እርጥብ ቀሚሴን እየጎተትኩ ወጥቼ ፊታቸው ቆምኩ።

«ሌላስ ሕመሙን ደብቆ የሚጾም ማን አለ?» ብዬ ጮኽኩባቸው።

ከኋላ አንዱ ቀስ ብሎ እጁን አነሳ።