አሜን በይ ያሉኝ ዕለት

ወታደሮቹ ሲመጡ ገብስ እየፈተግሁ ነበር። አለቃቸው «ልጅሽ የት ነው?» አለኝ። መፈተጌን ቀጠልሁ።

«እንግዲያው በሱ ፈንታ አንቺ ትሄጃለሽ» አለ። ሙቀጫው ውስጥ የቀረውን ገብስ ለጎረቤት እስክሰጥ ግን ታገሠኝ። ስለዚያች ትዕግሥቱ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ልጄ የመጻሕፍት መምህር ነበር። ክርስቶስ በመንፈስ ቅዱስ መቀባቱን ሦስተኛ ልደት ብለው የሚቆጥሩትን ሊቃውንት ተከትሎ ያስተምር ነበር። በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ትምህርቱ ከተወገዘ በኋላ ሌሎቹ ተመለሱ፤ እሱ አልመለስም ብሎ ሸሸ። የሸሸበትን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ።

ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር መንገዱ ሁሉ ጉም ነበር። ያስገቡኝ ቤት ቀድሞ የቆዳ ማከማቻ የነበረ ነው። መስኮት የለውም፤ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። በበሩ ሥር በምትገባው ብርሃን አንዲት ሴት ተቀምጣ አየሁ። አንድ ብረት ቀጥቃጭ ቀኝ እጄን ከሷ ግራ እጅ ጋር በሰንሰለት ቆራኝቶ ቀለበቱን በመዶሻ ገጠመው።

«እንግዲህ ተጋባን» አለች ሴትዮዋ። ቀጥቃጩ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

የአሊዩ አምባ ጨው ነጋዴ ናት። ባሏ ተጠመቅ ሲባል ወደ ቆላ ወርዶባቸው፣ እሷንም በሱ ፈንታ ነው የያዟት።

ለጸሎት ሳማትብ እጇ ከእጄ ጋር ተነሣ። መንጭቃ መለሰችው።

«እትዬ፣ በኔ እጅ አታማትቢ።»

«ቀኝ እጄ እኮ ነው።»

«ይሄም የኔ ነው።»

የሷ ሶላት ሲደርስ ደግሞ ስትደፋ ይዛኝ ወረደች። ግንባሬ መሬት ሊነካ ጥቂት ቀረው። ቀና ስትል «በቃ፣ እኩል ሆንን» አለች። ከዚያ ወዲህ እኔ ሳማትብ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ክንዷን ታላላልኛለች። እሷ ስትሰግድ እኔ ጎንበስ እላለሁ።

ግን አላመንኋትም። «ልጅሽ የት ነው?» ስትለኝ፣ ምሥጢሬን እንድታወጣጣ ከኔ ጋር አስረዋት እንደሆነስ ብዬ ፈራሁ። ወሬውን ወደ ጨው ዋጋ አዞርሁት።

አንድ ቀን አባ መጡ። ከሟቹ ባሌ ጋር የቀደሱ፣ ልጄንም በእጃቸው ያጠመቁ ካህን ናቸው። ደጃፉ ላይ ቆመው ቆዩ።

«ጉባኤውን የመራው መንፈስ ቅዱስ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «ልጅሽ እምቢ ሲል በመንፈስ ቅዱስ ላይ ተናገረ። ያ ኃጢአት በዚህም ዓለም በሚመጣውም አይሰረይም።»

ግድግዳውን ልደገፍ ዞርሁ። ሰንሰለቱ ሲሳብ ሴትዮዋ ደገፈችኝ።

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ ግዝቱ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ይነበባል። ያበላው፣ ያጠጣው፣ ያስጠጋው የተወገዘ ይሁን ይባላል። ከሕዝቡ በፊት አንቺ አሜን ትያለሽ። እናቱ ካለች ዘመድ አይደብቀውም።»

«ባልልስ፣ አባቴ?»

«ግዝቱ ባንቺም ይሆናል። ቁርባን የለም። ስትሞቺ ፍትሐት የለም።»

«እሱ ቢመለስስ?»

«ይምጣና ይመለስ! እኔስ ምን ፈልጌ ይመስልሻል?» አሉና መስቀላቸውን ሳያሳልሙኝ ሄዱ።

ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ አሰብሁ። ከዳዊት በቀር መጽሐፍ አላውቅም። ልጄ ያን ኃጢአት ሠርቶ እንደሆነ በምን ልወቅ? ሠርቶስ እንደሆነ፣ ከእንግዲህ ስሙን በጸሎት ማንሣት ምን ይረባዋል? ዳዊቱን በቃሌ ጀመርሁ፤ «ማረኝ» ከሚለው አላለፍሁም።

«ምግብ አትስጡት የሚባለው ክርስቲያን ነው?» አለች ሴትዮዋ።

«አዎ።»

«ስለኛ፣ ስለ እስላሞቹ፣ ያሉት ነገር የለም?»

አየኋት። አሁንም አላመንኋትም።

በማግስቱ ወሰዱን። ቀለበቱን የሚከፍተው ቀጥቃጭ ስላልመጣ ሁለታችንንም አብረው ነዱን፤ እስላም ከቅጥሩ አትገባምና ከበሩ ውጭ አቆሙን። ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ ከበበን። በጉሙ ውስጥ ከፊተኞቹ በቀር ፊት አይለይም።

አባ ግዝቱን ከብራና በግዕዝ አነበቡ፤ ቀጥሎ በአማርኛ። የልጄ ስም ሲጠራ ሰንሰለቱን ጨበጥሁ። ንባቡ አለቀ። አባ ወደኔ ተመለከቱ።

እኔ ብራናውን አየሁ።

«በይ እንጂ!» አለ ከኋላዬ ያለው ወታደር፣ በጦሩ እጀታ ነካ አድርጎኝ።

ላማትብ እጄን አነሣሁ። የሴትዮዋ እጅ ሳይከብደኝ አብሮ ተነሣ። ፊቷንም አላዞረችም።

«እግዚአብሔር ይፍታው» አልሁ።

ይህን ቃል ሕዝባችን ለስንት ሙት፣ ለስንት ተነሳሒ ሲባል ሰምቷል። ሳያስብ ነው የሚመልሰው።

«አሜን!» አለ ሕዝቡ፣ ባንድ ድምፅ።

ወዲያው ነገሩ ገባቸው። አንዲት ሴት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ወታደሩ «ምን አሉ እነዚህ!» ብሎ ተሳደበ። እኔ ለአባ ቅርብ ነበርሁ። የሳቸውም ከንፈር ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

ሕዝቡን ሌላ አሜን አልጠየቁትም። ብራናውን አጥፈው «መልሷቸው» አሉ።

ቆዳው ቤት ስንገባ ሴትዮዋ «ምን ብለሻቸው ነው እንዲያ የደነገጡት?» አለችኝ። ሊያወግዙት መጥተው በአሜናቸው እንደፈቱት ነገርኋት። ሰንሰለቱ እስኪንሿሿ ሳቀች። እኔም ያን ጊዜ ሳቅሁ። ሳቁ ሳይበርድ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ ልጄ ያለበትን ዋሻ ነገርኋት። ሳቋን ተወች።

«በዚያ በኩል ጨው ይዤ አልፋለሁ» አለች። «ወላሂ፣ የምበላውን ይበላል።»

ዘመዶቿ ዋስ ሆነው ከኔ ቀድማ ተፈታች። ቀጥቃጩ ቀለበቱን ሲከፍት «ፈታኋችሁ፣ ፍቺ ነው» ብሎ ቀለደብን። እኔን በኋላ ዋስ ሆነው ያስፈቱኝ አባ ናቸው። ስለዚያ ቀን አላነሡብኝም፤ እኔም አላነሣሁባቸውም። በቀጣዩ ፋሲካ በእጃቸው ቆረብሁ።

ልጄ ከዓመታት በኋላ፣ ፍለጋው ሲበርድ፣ ከስቶ፣ ግን በእግሩ ሄዶ ገባ። ዋሻው አፍ ላይ ቂጣ እያኖረች የምትሄድ እስላም ሴት እንደነበረች ነገረኝ። ስሟን አልነገረችውም። ተመስገን።

ስለዚያ ኃጢአት ሊቃውንቱ አሁንም ይናገራሉ። ስሰማ እፈራለሁ፤ መፍራቱን አልተውሁም። ልጄን በስሙ አንሥቼ እጸልያለሁ፤ እሷንም አነሣለሁ። ሳማትብ ቀኝ እጄን ቀስ አድርጌ ነው የማነሣው። ሰንሰለቱ የለም። ግን እጇን እንዳልጎትትባት አስባለሁ።