ከጠበኞቹ ሥዕል ፊት

ባለፈው ሳምንት በለንደኑ ካሌዶኒያን ሮድ በአንድ አሮጌ ዕቃ መሸጫ ደጃፍ ዝናብ የነካው የብስኩት ቆርቆሮ አየሁ። በክዳኑ ላይ የታተመውን ሥዕል ለማወቅ መነጽሬን ማውጣት አላስፈለገኝም። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት የተሣለ የገጠር መጠጥ ቤት ነው። ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ባለ ሐር ሰደርያ ሌላው ባለ ቡትቶ፣ ከካርታ ጨዋታ ተነሥተው ሊያያዙ ነው፤ ባለ ቡትቶው ቢላ መዝዟል፤ አንዲት ሴት ክንዱን በሁለት እጇ ጨብጣለች፤ ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ምንም እንዳልተፈጠረ ፒፓውን ያጨሳል። ያን ጊዜ የእርጥብ ካፖርትና የወለል ሰም ሽታ አፍንጫዬን ሞላው።

አንቺ ከዚያ ወዲህ ስለተወለድሽ ያን ዘመን አታውቂውም። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር፤ እኔ ለንደን ውስጥ የሥነ ጥበብ ታሪክ እማር ነበር። ወንድሜና እጮኛዬ ከአንድ ሰፈር ወጥተው፣ ሃርልስደን አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ለሁለት አንድ ካፖርት እየተፈራረቁ የለበሱ ጓደኛሞች ነበሩ። ከዚያ ተማሪው ሁሉ ለሁለት ተከፈለ። ወንድሜ «ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ» ከሚሉት ሆነ፤ እጮኛዬ ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» ይገባል ከሚሉት። ክፍሉን ለቀቁ፤ ሰላምታም ተቋረጠ።

እጮኛዬ አብዮቱን ሊያገለግል አገር ሊገባ ነበር። ከመሄዱ በፊት ልንጋባ ፈለግን። አባታችን ስለሞተ የሚድረኝ ወንድሜ ነው፤ እርሱም «እህቴን ለባንዳ አልሰጥም» አለ። ስለ ሴቶች እኩልነት ሦስታችንም የማንሰለች ተናጋሪዎች ነበርን። ያለ ወንድሜ ፈቃድ መጋባት እንደሚቻል ግን ለአንዳችንም አልታየንም።

ሽማግሌ ፈለግሁ። አሥመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ሂትሮው የአውሮፕላን ምግብ የሚያሰናዱ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ሰው ነበሩ። የእርቁ ቦታ አስቸገረ፤ ቀድሞ የሌላውን ደጃፍ የረገጠ ጥፋቱን እንዳመነ ይቆጠራልና። የማንም ቤት ያልሆነ፣ የሚሞቅና በነጻ የሚገባበት ስፍራ የማውቀው አንድ ብቻ ነበር። በእሑድ ከሰዓት በኋላ ለትምህርቴ ወደምመላለስበት የሥዕል ሙዚየም ወሰድኳቸው።

ሽማግሌ በቀጥታ ወደ ጠቡ አይገባም። አስቀድሞ የሌሎችን ሰዎች ጉዳይ ያቀርባል፤ ባለጉዳዮቹ በሌላው ሲፈርዱ በራሳቸውም መፍረድ ይለምዳሉ። ጋሼም ግድግዳው ላይ የተዘጋጀ ጉዳይ ያገኙ መሰላቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ቆርቆሮው ላይ ካየሁት ከዚያ ሥዕል ፊት ቆሙ።

«እስቲ ፍረዱ ልጆቼ። ከእነዚህ የበደለው ማነው?»

«ይሄማ ግልጽ ነው ጋሼ» አለ ወንድሜ። «ባለ ሐር ሰደርያው አጭበርብሮታል። ድሃው ምን ያድርግ?»

«ድሃ ስለሆነ ቢላ ይምዘዝ?» አለ እጮኛዬ። «ትንሽ ቢታገሥ ቤቱ ሁሉ ከእሱ ጋር ይቆም ነበር።»

«እስከ መቼ ይታገሥ? እስኪታረድ?»

«ለንደን ተቀምጦ በሰው ደም መፎከር አይከብድም።»

«የወታደር ጫማ መጥረግ ይሻላል አይደል?»

ዘበኛው ጣቱን ከከንፈሩ አድርጎ ቀረበ። ጋሼ ተጨንቀው ወደ እኔ ዞሩ፤ «ልጄ፣ አንቺ የተማርሽው ይህንን አይደለም እንዴ? ንገሪያቸው እንጂ!»

የማውቀውን ነገርኳቸው። ሠዓሊው የወደቁትን ካርታዎች ሆን ብሎ በጀርባቸው ነው የሣላቸው፤ ማን እንዳጭበረበረ ከሥዕሉ ማወቅ አይቻልም።

ሁለቱም በአንድ አፍ «መሃል ሰፋሪ!» አሉኝ።

ጋሼ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ይኸው በአንድ ነገር ተስማማችሁ። በሉ ተጨባበጡ!» የሳቀ ሌላ ሰው አልነበረም። ወንድሜ በግራው ደረጃ ወረደ፣ እጮኛዬ በቀኙ። ጋሼ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያሽከረከሩ «ቤተ ክርስቲያን ነበር የሚሻለው» አሉ።

እጮኛዬን ሂትሮው የሸኘሁት ብቻዬን ነው። ስለ ሠርጋችን አንዳችንም አላነሣንም። ሻንጣውን ካስረከበ በኋላ ብቻ፣ «ወንድምሽ ሲናደድ እህል አይቀምስም፤ እያየሽው» አለኝ።

አገር ቤት የሆነውን ሌሎች ጽፈውታል። ወታደሮቹ መጀመሪያ የወንድሜን ጓዶች ጨረሱ፤ ቀጥለው ሲደግፏቸው ወደ ነበሩት ዞሩ። ተራው ተለየ እንጂ እጁ ያው ነበር። ወንድሜና ጋሼ አንድ ጎህ ሲቀድ ደጃፌ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ሳያቸው፣ የእጮኛዬ መርዶ መሆኑን ቃል ሳይናገሩ አወቅሁ። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ በልጅነታቸው ይጠራው በነበረው ስም እየጠራ አለቀሰ።

ለቅሶውን እኔ ክፍል ተቀመጥን። ሐበሻው ሁሉ መጣ፤ ከሁለቱም ወገን የነበሩት ሳይቀሩ። ለእኔ ግን ምን ብለው «ያጽናሽ» እንደሚሉኝ አላወቁም። ሚስቱ አልነበርኩም፤ በለቅሶ ቤት ለእጮኛ የተመደበ ስፍራ የለም። በሩ አጠገብ፣ ከጎረቤቶች መካከል ተቀምጬ ነበር።

አንዲት የማላውቃቸው እናት ገብተው ወንድሜን «ለሟች ምኑ ነህ ልጄ?» አሉት።

«ወንድሙ ነኝ።»

ከዚያ አንገቱን ሳያቀና፣ በእጁ ወደ በሩ አመለከታቸው። «እሷ ሚስቱ ናት» አለ።

ሴትዮዋ ከተቀመጡት መካከል እየተሹለከለኩ መጡና፣ ጎረቤቴን አስነሥተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ እጄንም ያዙ።