በሁለት ሰው ስም ይጽፉ የነበሩት እቴቴ አሰገደች

እቴቴ አሰገደች ማረፋቸውን የሰማሁት ማክሰኞ ጠዋት፣ ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ ስጠብቅ ነው። የደወሉልኝ አባቴ ነበሩ። እንደ አገራችን ደንብ ቢሆን ኖሮ «አክስትሽን ትንሽ አሟታል፣ እስቲ ወደ ቤት ነይ» ተብዬ፣ ነገሩ የሚገባኝ ደጃፉ ላይ ድንኳን ሳይ ነበር። አባቴ ግን «እህቴ አረፈች። ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው» አሉኝ። እዚያው በቆምኩበት አለቀስኩ። አንዲት የማላውቃት ሴት ቦርሳዬን ያዘችልኝ።

ሞትን እንዲህ በግልጽ መናገር በቤታችን ከየት መጣ ለሚል ሰው፣ መልሱ ያለው በራሳቸው በእቴቴ ሕይወት ውስጥ ነው። ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፈውም ስለዚህ ነው።

እቴቴ ጌጃ ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበሩ። መስከረም ሲቃረብ ቤታቸው በተማሪ ዩኒፎርም ጨርቅ ይሞላና መቀመጫ እንኳ ይጠፋል። የሚሰፉትን ሁሉ ጠርዙን ወደ ውስጥ አስፍተው ያጥፉት ነበር። «ልጅ ያድጋል፤ ጨርቅ አያድግም» ይላሉ። በዓመቱ እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ሲመጡ እጥፋቱን ፈትተው ያስረዝሙላቸዋል። ስንት ልክፈል የምትል ካለች «አምና የሰፋሁት ልብስ ነው፣ ዛሬ ምን አዲስ ነገር አለው?» ብለው ያባርሯታል። ከልደታ እስከ ጌጃ ሰፈር በእርሳቸው እጥፋት ያላደገ ልጅ ማግኘት ይከብዳል።

እኔ ደግሞ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ጥያቄ የማያልቅብኝ ነበርኩ። «ይቺን ልጅ ልደታ ፍርድ ቤት ቢቀጥሯት ምስክሩ ሁሉ አገር ጥሎ ይጠፋል» እያሉ እቴቴ ይስቁብኝ ነበር። ከጥያቄዎቼ ሁሉ መልስ የነፈጉኝ አንዱን ብቻ ነው። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞትና የቅርብ ዘመዱ ሩቅ ሲሆን፣ የእድሩ ሽማግሌዎች «አሁን አይነገረው፣ ሲመጣ እናረዳዋለን» ማለታቸው የተለመደ ነው። ያን ጊዜ እቴቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ይነሳሉ። «ዛሬውኑ ንገሩት! ሐዘኑ የራሱ ነው፣ ምን አግብቷችሁ ትይዙበታላችሁ?» ይላሉ። ድምፃቸው ከፍ ሲል የምሰማው ያኔ ብቻ ነበር። ለምን እንደሚቆጡ ስጠይቃቸው መርፌያቸውን አንስተው ክር ማስገባት ይጀምራሉ። መርፌው ብዙ ጊዜ ክር ነበረው።

የነገሩኝ ባለፈው ክረምት፣ ታመው አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ ነው።

አባቴ በደርግ ዘመን፣ ገና በወጣትነታቸው፣ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምለው ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ሄደው ነበር። አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ ፊደል ስላልቆጠሩ ደብዳቤያቸውን የሚጽፉላቸው ትልቋ ልጃቸው እቴቴ ነበሩ። በአንድ ፖስታ ሁለት ወረቀት ይገባል፤ አንዱ የእናት፣ አንዱ የእህት።

«እማዬ ሳትቆጣ ደብዳቤ አይጀመርላትም ነበር» አሉኝ እቴቴ እየሳቁ። «ገና ለጤናህ እንደምን አለህ ብዬ ሳልጨርስ፣ ‹ተይው እሱን! ሲጋራ ጀምረሃል አሉ፣ ስትመጣ እንተያያለን በይው! ካልሲህንስ ታጥባለህ ወይ በይው!› ትለኛለች። ምርቃቱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ሲደክማት ነው። እኔም ቃሏን ሳልቀንስ እጽፋለሁ።»

አያቴ በድንገት ታመው ሞቱ። የእድሩ ሽማግሌዎችም ተሰብስበው መከሩ። «ልጁ ያለው ምሽግ ውስጥ ነው። ሐዘን የገባው ወታደር ራሱን አይጠብቅም። በሰላም ይመለስና እናረዳዋለን» አሉ። እቴቴም ወንድማቸውን እንዳያጡ ፈርተው እሺ አሉ። ከዚያ በኋላ ሁለቱንም ወረቀት ብቻቸውን ይጽፉ ጀመር።

«ግን እንዴት ብዬ በሞተች እናቴ አፍ ልቆጣው? እጄ እምቢ አለኝ። ምርቃት ብቻ ጻፍኩ። መልሱ ሲመጣ ‹እማዬ፣ ምነው መቆጣት ተውሽ? እኔ እንደሆንኩ እንደድሮዬ ነኝ› ይላል። ነቃብኝ ብዬ ደነገጥኩ። በሚቀጥለው በደንብ ሰደብኩት።»

ጦርነቱ አብቅቶ አባቴ በእግራቸው ተጉዘው ቤት ገቡ። በማግስቱ ማለዳ ሽማግሌዎች መጥተው አረዷቸው፤ አባቴም አለቀሱ። ስለ ደብዳቤዎቹ ግን አንዲት ቃል አልተናገሩም፤ እቴቴም አልጠየቁም። ያ ዝምታ ቂም ነው ብለው አመኑ። «ወንድሜ እናቱን አልቀበረ፤ በጊዜው አላለቀሰ። እኔ ነኝ የቀማሁት። ይቅር ሳይለኝ ልሞት ነው» አሉኝ።

እኔ መቼስ አላስችል ብሎኝ፣ የዚያኑ ዕለት አባቴን ጠየቅኋቸው። «አያቴ መሞታቸውን ያኔ አላወቁም ነበር?»

«ምርቃት ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ሲደርሰኝ አወቅሁ» አሉ አባቴ። «እናቴ ሳትቆጣኝ መርቃኝ አታውቅም። የምሽግ ጓደኞቼ ናቸው እንደ ለቅሶ ቤት ከበውኝ ተቀምጠው ያስለቀሱኝ።»

«ታዲያ ካወቁ በኋላ ለምን ተቆጪኝ ብለው ጻፉ?»

«ናፈቀኝ። ደግሞ እኮ አሰገደች ሁለት ሰው ሆና ነበር የምትጽፍልኝ። አውቄያለሁ ብላት አንዱ ይቀርብኛል።»

«ከተመለሱ በኋላስ?»

«ያን ሁሉ ለፍታ ጽፋ፣ ከንቱ ነበር ልበላት?»

እጃቸውን ይዤ ወደ እቴቴ ቤት ወሰድኳቸው። አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ተናገሩ። «በጊዜው አልቅሻለሁ፣ አሰገደች። በደንብ አልቅሻለሁ» አሉ። እቴቴ ተነስተው ለመቀመጥ ሞከሩ። «አንተ ደንቆሮ! ይሄን ሁሉ ዘመን! እኔ እዚህ በጸጸት ስቃጠል አንተ ዝም! ና ወዲህ፣ ጆሮህን ወዲህ አምጣ!» አባቴ ሽበታም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ጆሯቸውን ሰጡ። ሁለቱም እየሳቁ አለቀሱ፤ እኔም በሩ ላይ ቆሜ አብሬ አለቀስኩ። ከዚያ ቀን በኋላ እቴቴ እንቅልፍ ይወስዳቸው ነበር።

እቴቴ፣ ደግዬ፣ እንግዲህ በሰላም ይሂዱ። እርስዎ ልብስ ያስረዘሙላቸው ልጆች ትልልቅ ሰዎች ሆነው አስከሬንዎን ተሸክመዋል። ሐሙስ ዕለት ልደታ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሲቀበሩ ወንድምዎ ከሁሉ ፊት ነበሩ። አፈር ሲመለስ ጎንበስ ብለው አንድ እፍኝ ጣሉ። ሰው ሊደግፋቸው ሲል እጁን ገፉትና እንደገና ጎንበስ ብለው ሁለተኛ እፍኝ ጣሉ። «ይቺ የእማዬ ናት» ሲሉ፣ አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁ። ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ ነው የምነግርዎ።