ቁጡ አንጀት ይዤ ወደ እንጅባራ

ባሕር ዳር፣ ጎህ ሲቀድ

መናኸሪያው ውስጥ ወያሎቹ «ዳንግላ፣ እንጅባራ» እያሉ ከብርዱ ጋር ይጣላሉ። ሰው ሚኒባስ ሲሳፈር መስኮት ይመርጣል፤ እኔ በር እመርጣለሁ። ምክንያቱ ሆዴ ነው። ሐኪሟ «ቁጡ አንጀት» ብላ ስም አውጥታለታለች። ትል የለም፣ ቁስል የለም፣ ምርመራው ሁሉ ንጹሕ ነው፤ ሆዴ ግን ይነፋል፣ ይቆርጣል፣ አንዳንዴም ባልታሰበ ቦታ ያስሮጣል። አንዴ ተውጦ የሚያድን መድኃኒት የለውም አለችኝ። የሚያስቆጣውን ለይቶ መራቅ፣ በሰዓቱ ጥቂት ጥቂት መብላት፣ መራመድ፣ በደንብ መተኛት፣ አለመጨነቅ። የከበደኝ የመጨረሻው ነው። የእኔን አንጀት የሚያስቆጡት ሽንኩርት፣ በርበሬና ወተት መሆናቸውን ለመለየት ራሱ ወራት ፈጀብኝ። ከአገራችን ገበታ ላይ እነዚህን ብታነሱ ምን እንደሚቀር እናንተው ፍረዱ።

የምሄደው የእናቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ ብርቄ ቤት ነው። ልጅ ሆኜ ትምህርት ሲዘጋ ክረምቱን የማሳልፈው እዚያ ነበር። ባለፈው ፋሲካ የቀረበልኝን ቀመስ አድርጌ ብድግ ስል «ከተማ ገብቶ ማዕዴን ናቀ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሱም፤ መምጣቴንም በጎረቤት በኩል ነው ያስነገርኩት። ዛሬ ከሆዴም ከእሳቸውም መታረቅ አለብኝ።

ዳንግላ፣ ረፋዱ ላይ

ለቁርስ ቆመናል። ሌላው ፍርፍር ሲያዝ እኔ በላስቲክ ጠርሙስ የያዝኩትን ዘፍዝፌ ያሳደርኩት ተልባ ብድግ አደረግሁ። አጠገቤ የተቀመጡ ባለነጠላ ሴት አዩኝ።

«ጨጓራ ነው ልጄ?»

«አንጀት ነው፣ እናቴ።»

«ያው ነው። ፌጦ በሎሚ ጠጣበት።»

«ፌጦማ ይልጠዋል» አለ ሾፌሩ እንጀራውን እየጠቀለለ። «ነጭ ሽንኩርት በማር ነው።»

መጽሐፍ ቅዱስ በብብቱ የያዘ ጎልማሳ «ጸሎቱም አይረሳ» አለ።

«እኔን ግን ስበላ ነው የሚሻለኝ» አለ ወያላው።

«አንተ ስትበላማ የሚታመመው የእኔ ኪስ ነው» አለው ሾፌሩ፤ ሁላችንም ሳቅን። ሆዴም ትንሽ ላላ። ሐኪሟ ሳቅን አላዘዘችልኝም ነበር።

በበሩ ፊት ጋሪዎች ያልፋሉ። የፈረሶቹ ቃጭል ያው የድሮው ነው። እትዬ ብርቄ ወደዚህ ገበያ ይዘውኝ ሲመጡ፣ ጋሪው ላይ በጭናቸው መሃል አስቀምጠው በነጠላቸው ይሸፍኑኝ ነበር። የፈረስ ላብ በሸተተኝ ቁጥር ዛሬም ያ ነጠላ ይሞቀኛል።

አዲስ ቅዳምን አልፈን

መንገዱ ዳርና ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሯል። ድሮ ጤፍና ድንች የማውቅበት ማሳ ዲከረንስ የሚሉት ዛፍ ሆኗል፤ ይተከላል፣ ይቆረጣል፣ ይከስላል። ገበሬው ተጠቅሟል አሉ፤ ደስ ይላል። እኔ ግን የድንች አበባውን ነጭና ሐምራዊ በዓይኔ ፈልጌ ስላጣሁት ከፋኝ።

ከእንጅባራ ወደ ጥርባ፣ ቀትር

ከእንጅባራ በባጃጅ ዘንገና ሐይቅን አልፌ ጥርባ፣ እሳቸው ቤት ደረስኩ። እትዬ ብርቄ አንድ ጊዜ ብቻ ሳሙኝ፤ በእኛ ቤት አንድ ጊዜ መሳም ኩርፊያ ነው። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና ለጎረቤታቸው ለአያ ጫኔ በአውኝ ቋንቋ አንድ ነገር አሉ። ግማሹ ገባኝ፤ ስለ ክሳቴ ነው።

ዶሮ ታርዷል። ወጡ በርበሬው እየበራ ቀረበ። ከሌማቱ ጎን በጨርቅ የተቋጠረ የኮሶ አበባ ተቀምጧል።

«ክሳትህ የትል ነው። አሁን ትበላለህ፤ ነገ በባዶ ሆድህ ኮሶህን ትጠጣለህ» አሉ።

ኮሶ ጤነኛውን ሆድ እንኳ ያመሰቃቅላል።

«እትዬ፣ ትል የለብኝም። ተመርምሬያለሁ። ሽንኩርትና በርበሬ አይስማማኝም። ባለፈው ፋሲካም የተነሳሁት ማዕድዎን ንቄ አይደለም።»

«የት ልትሄድ ነበር ታዲያ?»

«ሽንት ቤት።»

አያ ጫኔ ጠላው ትን አላቸው። እትዬ ብርቄ አልሳቁም።

«ግጥም ይጽፋል ይሉሃል» አሉ። «‹ሆዴን አመመኝ› የምትል አንዲት ስንኝ አጣህ?»

ወጡን ከፊቴ ፈቀቅ አደረጉት።

«ምን ይስማማሃል?»

«ድንች። የተቀቀለ፣ በጨው።»

እዚህ አገር ድንች የሌለበት ቤት የለም፤ ስለዚህም ለእንግዳ አይቀርብም። እንግዳ ብቅ ሲል የድንቹ ድስት ጓዳ ይገባል። ድንች ለቤት ሰው ነው።

«የእህቷን ልጅ ድንች አብልታ ሸኘችው ልባል?»

«ዶሮውን ለእኔ ይተዉትና እኔ ለአገሩ እመሰክራለሁ» አሉ አያ ጫኔ።

«ዶሮውን የበላ ኮሶውን ይጠጣል» አሏቸው። ጨርቁን አንስተው አያ ጫኔ ፊት አኖሩትና ጓዳ ገቡ።

ድስቱን ይዘው ወጡ፤ ገና ትኩስ ነው። አንዱን በጥፍራቸው ላጡት፣ እፍ እፍ አሉበት፣ ጨው ነስንሰው አጎረሱኝ። ልጅ ሳለሁም እንዲሁ ነበር፤ ክረምት፣ ጣሪያው በዝናብ ሲንጫጫ፣ እናቴና እሳቸው ፊት ለፊት ተቀምጠው እየላጡ፣ እኔ መሃላቸው አፌን ከፍቼ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ድንች እፍ ብሎ ያጎረሰኝ አልነበረም።

ጥቂት በልቼ እጄን ሰበሰብኩ።

«በሞ...» ብለው ጀመሩና አቆሙ። ከንፈራቸውን ገጠሙ። «በሞቴ»ን የዋጠ ጋባዥ በጎጃም ምድር ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ከሰዓት በኋላ እስከ ዘንገና አብረን ተራመድን። ውሃው እንደ ድሮው ዝም ብሎ ክብ ነው። በረጅሙ ተነፈስኩ፤ ሆዴ መኖሩንም ረሳሁት።

ስመለስ፣ ዳንግላ ላይ

በማግስቱ ስሸኝ አያ ጫኔን «ኮሶውስ?» ብዬ ብጠይቃቸው ዱላቸውን አነሱብኝ። እትዬ ብርቄ የተቀቀለ ድንች ቋጥረውልኛል። ቁጡው አንጀቴ አልዳነም፤ ነገ ሊነሳብኝ ይችላል። ቢሆንም ሚኒባሱ ውስጥ መጨረሻው ወንበር ላይ፣ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ።

ዳንግላ ስንገባ ስልኬ ጠራ። እሳቸው ናቸው።

«ሆድህስ?»

«ዝም ብሏል፣ እትዬ።»

«በል ዝም በል አንተም፤ እንዳትቀሰቅሰው» አሉና ዘጉት።